የአክስቴ የመጀመሪያ ሞት

አክስቴ ሁለት ጊዜ ሞታለች። የመጀመሪያውን ወድዳው ነበር።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናቴ ሮቤ ባል አግብታ ስትቀር እኔ የተሻለ ትምህርት ቤት ይግባ ተብዬ በልጅነቴ ወደ ሐዋሳ ተላክሁ። አዲስ ከተማ ባለው የአክስቴ ግቢ አደግሁ፤ ዛሬም የምኖረው እዚያው ነው። አክስቴ አላገባችም፣ አልወለደችም። ዕድሜዋን በሙሉ አንደኛ ደረጃ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጣች። ጡረታ የወጣችው ግን ከትምህርት ቤቱ እንጂ ከማረሙ አልነበረም። የሰው ልብስ ታርማለች፣ የሰው ልጅ አስተዳደግ ታርማለች፣ ተጋብዛ ሄዳ የሰው ዶሮ ወጥ ታርማለች። በኋላ በኋላ የሚጋብዛትም ጠፋ። ሰፈሩ ያከብራት ነበር፤ ማክበር ማለት ሰው ሲመጣ ወሬ ማቋረጥ ከሆነ። በዓል ሲደርስ በራችንን የሚያንኳኳ አልነበረም። "ማን አስፈለገኝና" ትል ነበር፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ስልክ ላይ ተደፍቶ የሚውል ሰው ደግሞ ለእሷ አታድርስ ነው። የእሷ ስልክ ቁልፍ ያላት ትንሽ ነገር ነበረች፤ ከመደወልና ከመብራቷ በቀር ምንም አታውቅም። ሐይቅ ዳር ካለው ሆቴል ሥራዬን ጨርሼ ገብቼ ስልኬን ሳወጣ ካየችኝ፣ እዚያ ላይ የሚውለው ቤቱ የሚያየው ያጣ ሰው ነው ትለኝ ነበር። የሚያየው ያጣው ማን እንደሆነ እኔም አውቅ ነበር፣ ግን ከእሷ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

ሰፈራችን እድር አለው። ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ የሚነፉ ሽማግሌ ነበሩን። ጎህ ሲቀድ በየመንገዱ እየዞሩ ይነፉና የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። እግራቸው ሲደክም የእድሩ ጸሐፊ፣ ባንክ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው፣ ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው ብሎ ስልክ ላይ ግሩፕ ከፈተ። ሽማግሌውም ጡሩምባቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ከዚያ ወዲህ ሞት የሚሰማው ከኪስ ነው። ግሩፑ ውስጥ ኦርቶዶክሱ "ነፍስ ይማር" ይላል፣ ፕሮቴስታንቱ "ጌታ ያጽናናችሁ" ይላል፣ በሲዳምኛ የሚያጽናናም አለ፣ የተጋጠሙ መዳፎች ይደረደራሉ። ቀብር ላይ የሚገኘው ሰው ግን እያደር ሳሳ። ጽፏላ።

ያለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ እናቴ ሞተች። አክስቴ ለጸሐፊው ደውላ እህቷ ማረፏን፣ ቀብረን ስንመለስ ለቅሶ እንደምንቀመጥ ነገረችውና ወደ ሮቤ ሄድን። እናቴን የቀበርናት ከከተማው ወጣ ባለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። መብራት ጠፍቶ ስለሰነበተ የሁለታችንም ስልክ ሞቶ ነበር።

ጸሐፊው በበኩሉ ሥራውን ሊያሳምር ፈለገ። እድራችን የእናቴን ፎቶ ከየት ያመጣል? የአባሎቹን ፎቶ ነው የያዘው። ለቅሶው የማን ቤት እንደሆነ ሰው እንዲያውቅ ብሎ የአክስቴን ፎቶ ለጠፈ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ በአክስቴ ስም ይጀምራል፣ ስንት ትውልድ እንዳስተማረች ይተርካል፣ ወርዶ ወርዶ መጨረሻው ላይ "የእህታቸው" የምትል ቃል አለች። እስከዚያች ቃል ድረስ ያነበበ ሰው አልነበረም። ፎቶ አዩ፣ ከጎኑ የበራ ሻማ አዩ፣ አለቀሱ። የተጠራጠረ ካለም ደውሎ የእሷም የእኔም ስልክ ዝግ ሆኖበታል።

እኛ ይህን አናውቅም። ስልኬን ሮቤ መናኸሪያ ሻይ ቤት ቻርጅ አድርጌ፣ አውቶቡሱ ዶዶላን ሲያልፍ ከፈትኩት። እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ መቼም አንረሳዎትም፣ ሰፈሩ ጎደለ። እናቴን ሐዋሳ ውስጥ የሚያውቃት ሰው አልነበረም። ይህን ሁሉ ሰው ከየት አመጣችው ብዬ መንገደኛው እያየኝ አለቀስኩ። እንባዬን ጠርጌ መልእክቶቹን ወደ ላይ ስገፋ ያገኘሁት የአክስቴን ፎቶ ነው።

አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ በመስኮት ታያለች። ምን ሆንክ ስትለኝ ነገርኳት። ጸሐፊውን በስልክ ቆዳውን ትገፈዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ዞር ብላ፣ እስቲ አንብበው አለችኝ።

አነበብኩላት። አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን አለች፤ በውሃ ቧንቧ ተጣልተው ለዓመታት ሰላም አይባባሉም። "ግቢያችን ብርሃኑን አጣ" ብላለች። ፊት ለፊታችን ያለው ባለሱቅ፣ ሚዛኑ ያጭበረብራል ብላ በሰው ፊት ያዋረደችው፣ "እንደ እናቴ ነበሩ" ብሏል። ከሁሉ የረዘመውን የጻፈው ድሮ ያስተማረችው ልጅ ነው፤ ዛሬ በከተማው የታወቀ ነጋዴ ሆኗል።

"ምሳ ሳልቋጥር ስመጣ ከቦርሳቸው ዳቦ አውጥተው፣ ልጆቹ አይተው እንዳይስቁብኝ ከክፍሉ ጀርባ ወስደው ያበሉኝ ነበር። ዛሬ ሰው የሆንኩት በዚያ ዳቦ ነው።"

ድገመው አለችኝ። ደገምኩት። አሁንም ድገመው አለችኝ። በሕይወት አለች ብዬ ልጻፍላቸው ወይ ብዬ ጣቴን ስልኩ ላይ ሳደርግ እጄን ያዘችኝ።

"ተዋቸው። ገና እየጻፉ ነው።"

እናቴን የቀበርነው በዋዜማው ነው። አክስቴ ፊት ላይ የማየው ግን ሰርግ የተጠራ ሰው ፊት ነበር። ከዶዶላ እስከ ሻሸመኔ አስነበበችኝ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። ስለ እናቴ የተጻፈ አንድ ቃል አልነበረም። በዚያች መንገድ ላይ አክስቴን ጠላኋት፤ ይህን የምለው ዛሬ ስለሚቆጨኝ አይደለም።

ሰፈር ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፣ ሰው ሞልቷል። ከመናኸሪያ ከያዝነው ባጃጅ ቀድሜ የወረድኩት እኔ ነኝ። አጥር የምትጋራን ጎረቤት እያነባች ልታቅፈኝ መጣችና ከኋላዬ አክስቴ ብቅ ስትል አማተበች። ጸሐፊው ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር አየቻቸውና "ቁጭ በሉ" አለች። እንደ ተማሪ ቁጭ አሉ።

ከዚያ ግር አሉባት። እንኳን እርስዎ አልሆኑ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት፣ ስሙ ይባረክ። አንዷ ደስታው አምልጧት እልል አለች። የእናቴ ለቅሶ ላይ እልልታ ሰማሁ። ጸሐፊው አጠገቤ መጥቶ የሞተችው የእኔ እናት መሆኗን ሲያስታውሳቸው፣ ሁለት ሦስቱ እጄን ጨብጠው "አይዞህ" አሉኝና ወደ ወሬያቸው ተመለሱ።

ንፍሮው ሲቀርብ ስልኮች ወጡ። እዚያው ድንኳኑ ውስጥ፣ እዚያው ፊቷ ተቀምጠው፣ ንፍሯቸውን እያኘኩ የጻፉትን ያጠፉ ጀመር። ለቁም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ ከተቀመጠ ሟርት ነው አለች ጎረቤታችን። ብርሃኑ ጠፋ። እንደ እናት የነበረችውም ጠፋች። እኔ ከአክስቴ ጎን ተቀምጬ በስልኬ አያለሁ፤ እሷ አንገቷን ሰግጋ በጆሮዬ ትጠይቀኛለች።

"ዳቦውስ?"

"ጠፍቷል።"

ለቅሶው ሲያበቃ ግሩፑ ውስጥ የቀረው የእሷ ፎቶ ብቻ ነበር። ያንን ጽሑፍ አስቀርተኸው ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። አላስቀረሁትም፣ ግን ስንት ጊዜ አስነብባኝ በቃሌ ይዤው ነበር። በቃሌ አልኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

ወሩ ሳይሞላ ትልቁን ስልክ አስገዛችኝ። እጇ ቶሎ ለመደ። እድሩ ግሩፕ ገባች፣ የድሮ ተማሪዎች ግሩፕ ገባች፣ የማታውቃቸው የጡረተኞች ግሩፕ ሁሉ ገባች። ጠዋት ጠዋት አበባ ያለበት "ሰላም አደራችሁ" ትልካለች። መጀመሪያ ሰሞን ልብ ይደረድሩላት ነበር፤ በቁሟ ስላለቀሱላት አፍረው ይሆናል። እሷ ደግሞ ልቡን ትቆጥራለች፤ ትናንት ያደረገች ዛሬ ለምን ቀረች ትላለች። ያልመለሰላትን ሰው መንገድ ላይ አቁማ ትጠይቃለች። ስህተት የጻፈውን በሕዝብ ፊት ታርማለች። እየቆየ ልቡ ነጠፈ። አንድ ጠዋት ባለሱቁ እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦

"ቲቸር፣ ይህ እኮ የሞት ግሩፕ ነው።"

ለዚህች መልእክት ያገኘው ልብ እሷ በወር ካገኘችው ይበልጣል።

ሰው ስልክ ላይ ለምን ይጣዳል ሲባል ሱስ ነው፣ ሥራ መፍታት ነው ሲሉ እሰማለሁ። አክስቴን አይቼ አላምንም። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው አፍ መልካም ቃል ሰምታ አታውቅም፤ ሰው መልካም ቃሉን የሚያወጣው አፈር ከተመለሰ በኋላ ነው። በስህተት አንድ ቀን በሕይወቷ ሰማችው። ከዚያ በኋላ ምን ብላ ግድግዳ እያየች ትቀመጣለች? እሷም እንደ ሁላችን በሩ ላይ ቆማ ታንኳኳ ነበር፤ አንዴ ተከፍቶላት የነበረ በር ነው።

ከሁሉ የምትጠብቀው የነጋዴውን ነበር። ሰላምታ ትልክለታለች፣ ማየቱን የሚያሳየው ምልክት ይበራል፣ መልስ የለም። ቤት ለመጣ ሰው ሁሉ ግን የዳቦውን ነገር ታወራለች። አወራሯም እያደር ጨመረ። መጀመሪያ ዳቦ ብቻ ነበር፣ በኋላ ትኩስ ዳቦ ሆነ፣ ከዚያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሆነ፣ በመጨረሻ ልጁ ሲበላ ፍርፋሪው ሹራቡ ላይ እንዴት ይቀር እንደነበር ትነግረን ጀመር።

አንድ እሑድ ዓሣ አማረኝ አለችና ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወሰድኳት። ዓሣው አምሯት ሳይሆን ነጋዴው እዚያ እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር እንደሚቀመጥ ሰምታ ኖሯል። ከሩቅ አይታው ቀጥ ብላ ሄደች።

"ቲቸር! አሉ እንዴ?" ብሎ ተነሣ። ክፉ ሰው አይደለም። ወንበሩን ለቀቀላት፣ ጥብስ ዓሣ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር አዘዘላት፣ ለጓደኞቹ አስተማሪዬ ናት ብሎ አስተዋወቃት። እሷ ዳር ዳር ማለት አታውቅም። ያንን የጻፍከውን ለምን አጠፋኸው አለችው። ሳቀና የሞተች መስሎት እንደነበር ነገራት። ዳቦውስ አለችው።

"የምን ዳቦ?" አለ። ትንሽ አሰበና የጻፈው ትዝ አለው፤ ፊቱ ላይ ተንኮል የሚባል አልነበረበትም። "ቲቸር፣ እርስዎ እኮ በጎማ ነበር የሚገርፉኝ። ለሞተ ሰው ታዲያ ምን ይጻፋል?"

ጓደኞቹ ሳቁ። ያኔ ከተመታች ወዲህ እንቢ ያለችውን ጣቱን አውጥቶ ሊያጥፋት ሲሞክር እንደማትታጠፍ አሳያቸው፤ አሁንም ሳቁ። አክስቴ ዓሣዋን በላች። እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀመች ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደረች፣ እጇን ታጠበች፣ አመስግና ተነሣች።

ባጃጅ ውስጥ ገብተን ስንመለስ "አልሰጠሁትም እንዴ?" አለችኝ። ያኔ አልተወለድኩም፣ እኔ ምን አውቃለሁ አልኳት። "ዳቦው እኮ ትዝ ይለኛል" አለች።

ከዚህ በኋላ ስልኩን ትወረውረዋለች ብዬ ነበር። ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ከፈተችው።

በዓመቱ ኩላሊቷ ታመመ። ሆስፒታሉ ያደረገውን አድርጎ ወደ ቤት ሰደዳት፤ ለምን እንደሰደዳት ለእሷም ለእኔም አልጠፋንም። ስልኳ ትራሷ ሥር ነው፤ ማየት ሲያቅታት እኔ አነብላታለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠራችኝና ዛሬ ጻፍላቸው አለችኝ። ምን ብዬ ስላት፣ ሞተች ብለህ አለች።

ነውር ነው አልኳት። ሰው አንዴ ተታሎ ሁለተኛ አይታለልም አልኳት። ክፍል ውስጥ ለሚረብሽ ልጅ በምታወጣው ድምፅ አቋረጠችኝ።

"በኋላማ ለማን ይነበባል? ዛሬ ጻፍና አንብብልኝ፣ ከዚያ እሞትልሃለሁ።"

ጻፍኩ። አዝኜላት ብቻ አይደለም፤ እነዚያ የእናቴን ንፍሮ እየበሉ ያጠፉ ሰዎች አሁን ምን እንደሚሉ ማየት አማረኝ። "አክስቴ ዛሬ ዐረፈች" ብዬ ከስልኳ ላክሁና አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። መልሶቹ ብዙም አልቆዩ።

"ምን አሉ?" አለችኝ።

ስልኩን አየሁት። ከዚያ ዓይኔን እዚያው ተክዬ በቃሌ ጀመርኩላት፤ ምሳ ሳልቋጥር ስመጣ፣ ከቦርሳቸው ዳቦ አውጥተው...

እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች። "ዳቦውን ተወው" አለች። "ያሉትን አንብብ።"

ያሉትን አነበብኩ። ጎረቤታችን "ቲቸር ደግሞ?" ብላለች። ሌላዋ "ጸሐፊ እባክህ አጣራ፣ ባለፈውም እንባችንን በከንቱ ጨርሰናል" ብላለች። ባለሱቁ "ሦስተኛው መቼ ነው?" ብሏል። ነጋዴው ምንም አልጻፈም፤ በሳቅ የምታነባዋን ፊት ብቻ ልኳል። አክስቴ የፈተና ውጤት እንደሚነበብላት ሆና ሰማች። ሦስተኛው ያለው ማን ነው ብላ ጠየቀችኝና ስነግራት፣ እሱ ድሮም ሰነፍ ነው አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስልኩን ግን ከእጄ ተቀብላ ትራሷ ሥር መለሰችው።

በዚያው ሳምንት ጠዋት ላይ ሞተች። ጸሐፊው አይቷት፣ ግንዘቱ ሲጀመር ቆሞ አረጋግጦ፣ ያንኑ ፎቶ ለጠፈ። ማንም አልመጣም። ድንኳን የሚተክል ሰው ጠፋ። አሁን እውነት ነው ብሎ ደግሞ ቢጽፍ፣ ባለፈውም እንዲሁ ብላችሁ ነበር አሉት። መጨረሻ ላይ የእድሩ ዳኛ ሽማግሌው ቤት ሰው ላከ። ሽማግሌው ጡሩምባቸውን ከግድግዳው አወረዱ፣ በከዘራ እየተደገፉ፣ በየመዞሪያው እያረፉ ሰፈሩን ዞረው ነፉ። ጡሩምባ ሲሰማ ሰው ከየበሩ ወጣ። "እውነት ኖሯል" አሉ፣ ነጠላቸውን ፈለጉ፣ መጡ። ሊያጣራ የመጣውም ሊያለቅስ የመጣውም ተደምሮ ግቢው ሞላ።

አፍረው ነበርና ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጡ ጻፉ። ሬሳው ያለበት ክፍል ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ፤ መጻፋቸውን ያወቅሁት በስልኳ ነው። ከትራሷ ተነሥቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ኖሮ በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመረ። አነሣሁት። ነጋዴው ነው የጀመረው። ምሳ ሳልቋጥር ስመጣ ይላል፣ ከቦርሳቸው ዳቦ አውጥተው ይላል፤ አንድ ቃል አልቀየረም። ከሥሩ ልብ በልብ ላይ ይደረደራል። ጎረቤታችን የክፍሉ በር ላይ ቆማ ብርሃኑን መልሳ ጽፋለች። ስልኩን መስኮቱ ላይ፣ ከአክስቴ ራስጌ በኩል አስቀመጥኩት። እየጮኸ፣ እየተንቀጠቀጠ ጠርዙን ይገፋ ነበር።

ጎረቤታችን እንባዋን እየጠረገች ገብታ፣ ለቅሶውን ረበሸው እኮ፣ ምነው ብታጠፋው አለችኝ።

"ይተዉት" አልኳት። "ገና እየጻፉ ነው።"